ቆሻሻው ገንዘብ ሆነ... ገንዘቡን ማን ይያዘው?

ለዛሬ ያሰናዳሁላችሁ ሌላ ጨዋታ ነበር። ሰሞኑን ግን አንዲት ደብዳቤ ደረሰችኝና ያሰናዳሁትን ወደ ጎን ገፋ አድርጌ ስለ እሷ ላወጋችሁ ተገደድኩ። ደብዳቤዋን አሳጥሬ እነሆ፦

«የ19 ዓመት ወጣት ነኝ። የምኖረው ገርጂ አካባቢ ነው። በ2018 ዓ.ም. ኅዳር ላይ አፋር ውስጥ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ መንደር ላይ ሲወርድ አይተን፣ እኔና 11 የሰፈሬ ልጆች ባዶ ሃይላንድና ካርቶን ሰብስበን፣ ሸጠን፣ ገንዘቡን እዚያ ለተጎዱ ቤተሰቦች ልንልክ ተስማማን። ችግሬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማዳበሪያ ይዘን ስንዞር የሰፈር ሰው 'ቆሻሻ ለቃሚ ሆናችሁ?' እያለ ይስቅብናል። ሁለተኛ፣ ጓደኛዬ (የፍቅር ማለቴ ነው) 'ገንዘቡን እኔ ጋ አስቀምጪው፣ ሌላ ሰው አትመኚ' ይለኛል። በጣም እወደዋለሁ። ግን... ልመነው?»

እህቴ፣ የመጀመሪያው ጥያቄሽ ቀላል ነው። ይሳቁ! ሲስቁ ግን «በረንዳችሁ ላይ የተከመረውን አሮጌ ብረት መቼ ልውሰድላችሁ?» ብለሽ ጠይቂያቸው። ሳቃቸው ያኔ ያቆማል።

ሁለተኛው ጥያቄሽ ግን ብዕሬን አስጣለኝ። ለምን ብትዪ፣ ከአምስት ዓመት በፊት «ገንዘቡን እኔ ጋ አስቀምጡት» ያልኩት ልጅ እኔ ነበርኩ። እስከ ዛሬ በዚህ አምድ ላይ የሰው ገመና ስጽፍ ኖሬአለሁ። ዛሬ የራሴን ስሙልኝ።

የኛው ዝናብ

ነገሩ እንዲህ ነው። የ2012 ዓ.ም. ክረምት ነው። ኮሮና ገብቶ ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ ታክሲው በግማሽ ሰው በእጥፍ ሂሳብ ይጭናል፣ የሰፈራችን ወጣት በሙሉ ማስኩን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ ተኮልኩሎ ይውላል። እኔ ያኔ 22 ዓመቴ ነው። 12ኛን ጨርሼ ለጋዜጦች አልፎ አልፎ እየጻፍኩ፣ ክፍያዬን በወር መጨረሻ እየጠበቅሁ የምኖር ልጅ ነበርኩ።

ነሐሴ ላይ አዋሽ ሞልቶ አፋርን አጥለቀለቀው። አሚባራ፣ ዱብቲ፣ አሳይታ፣ አፋምቦ... በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ልጁንና ፍየሉን ይዞ ከቤቱ ወጣ። እኛ ሰፈር ወሬውን ያመጣልን ጋዜጣም ሬዲዮም አይደለም። ጅቡቲ መስመር የሚሠራ አንድ የከባድ መኪና ረዳት ጎረቤታችን ነበርና እሱ ነው። «ከገዋኔ አልፋችሁ ሚሌ ሳትደርሱ አዳይቱ የምትባል ከተማ አለች። አዋሽ አጠገቧ ነው። ከወንዙ ዳር የተነሱ ሰዎች አስፋልቱ ዳር ሸራ ወጥረው አየሁ። ሰማዩ ላይ እኮ አንዲት ደመና የለችም!» አለን።

እኔ በበኩሌ ያልገባኝ ይኼ ነበር። ደመና ሳይኖር ጎርፍ ከየት መጣ? ኋላ ስረዳው አፈርኩ። አዋሽ የሚነሳው እዚሁ ጊንጪ አካባቢ ከሚገኘው ደጋ ነው። ቆቃን፣ መተሐራን፣ አዋሽ ሰባትን፣ ገዋኔን አልፎ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባህር ሳይደርስ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ይቀራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደጋው ሲዘንብ ጎርፉ ቆላ ላይ ይወርዳል። የኛ የአዲስ አበባው አቃቂ ወንዝም ከተማዋን አጥቦ የሚገባው እዚያው አዋሽ ውስጥ ነው። በሌላ አነጋገር እኛ «ኡፍ፣ ዝናቡ!» ብለን ጃንጥላ የምንዘረጋለት ውሃ፣ እዚያ የሰው ቤት ይዞ ይሄዳል ማለት ነው። ወንዝ ውስጥ የምንወረውረው ሃይላንድም መንገዱ ወደዚያው ነው።

«እንግዲያው ሃይላንዱን ወንዙ ሳይወስደው እኛ እንሰብስበውና ሸጠን እንላክላቸው» ያለችው አንዲት የሰፈራችን ልጅ ናት። ስምንት ሆንን። እሷ ደብተር ያዘች፣ ጸሐፊ ሆነች። እኔ... እንግዲህ ልንገራችሁ፣ የተፈናቃዩ ጉዳይ አንጀቴን በልቶት ነበር። ልጅቱም ዐይኔን ስባው ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እናም «ገንዘቡን እኔ ጋ አስቀምጡት» አልኩ። ማንም አልተቃወመም። የወተት ቆርቆሮ ክዳኑን ሰንጥቀን ሙዳየ ምጽዋት አደረግነው።

ዘጠኝ ማዳበሪያ

በአስር ቀን ውስጥ ዘጠኝ ማዳበሪያ ሙሉ ሃይላንድ ሰበሰብን። 1,200 ገደማ ጠርሙስ! ደረጃው ሥር ሲከመር ተራራ ያክላል። በሐሳባችን ስንት ብር፣ ስንት ኩንታል ዱቄት ገዛንበት መሰላችሁ! ከዚያ ሚዛን ላይ ወጣ። 19 ኪሎ። ያኔ ባገኘነው ዋጋ በኪሎ 7 ብር፣ 133 ብር ሰጡን።

133 ብር! ስምንት ሰው፣ አስር ቀን።

እህቴ፣ እዚህ ላይ ልብ በይ። አንድ ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከ12 እስከ 20 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 80 ጠርሙስ ይፈልጋል። ቦታ ይይዛል እንጂ ገንዘብ አይሆንም። በሃይላንድ ብቻ እረዳለሁ ያለ ሰው ወገቡን ይሰብራል።

አሮጌ ልብስና ጫማም ሰብስበን ነበር። የመኪናው ረዳት ከጥቅሉ ውስጥ አንድ ተረከዘ ረጅም የሴት ጫማና አንድ የተቀደደ የሱፍ ካፖርት መዝዞ አወጣና «ይኼን አፋር በረሃ ላይ ማን እንዲለብሰው ነው?» አለን። ስቀን ዝም አልን። ሳቁ ግን ደስ አይልም ነበር። ሰው ቤቱን ጎርፍ ስለወሰደበት የኛን ቆሻሻ መጣያ ይሁን እንዴ? ልብሱን ለልዋጭ ሰጥተን የላስቲክ ባልዲ ተቀበልንበት።

«እናንተ አስር ቀን ለቀማችሁ»

በማግስቱ ጠዋት በሰፈራችን የሚዞረው ቁራሌው መጣ። ታውቁታላችሁ፣ ሁላችሁም ሰፈር አለ። ማዳበሪያውን ትከሻው ላይ ጥሎ «ቁራሌው!» እያለ በስድስት ቀን ሦስቴ የሚያልፍ፣ ስሙን ግን ማንም ጠይቆት የማያውቅ ልጅ። ከኔ በሁለት ዓመት ቢያንስ ነው። ደረጃው ላይ ተቀምጠን አገኘንና ማዳበሪያውን መሬት አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ ሃይላንዱን የምትወስዱት እናንተ ናችሁ አሉኝ።»

«አዎ፣ ለተፈናቃይ ነው» አልኩት፤ ደረቴን ነፋ አድርጌ።

«ጥሩ ነው፣ እግዜር ይስጣችሁ» አለ። ትንሽ ዝም ብሎ ቆየና ደግሞ፣ «እናንተ አስር ቀን ለቀማችሁ። እኔ ሁልጊዜ ነው የምለቅመው። ይኸው ከሳምንት በላይ ገንዳው ባዶ ነው። ትናንት ምሳ አልበላሁም። ለተፈናቃይ ማለታችሁ ጥሩ ነው... እኔንስ?»

አልተቆጣም እኮ። ቢቆጣ ይሻለን ነበር። ለድሃ ስንል ከድሃ አፍ ነጥቀን ነበር ለካ። ጸሐፊያችን ተነስታ አጠገቡ ደረጃው ላይ ተቀመጠችና «ምን ብናደርግ ይሻላል?» ብላ ጠየቀችው። እኛ አንድ ሰው አልጠየቅንም ነበር፣ ያን ጊዜ ነው ሥራው የተጀመረው።

ልጁ ያስተማረን ይኼ ነው። ከገንዳ አንድም ነገር አትንኩ፣ ያ የኛ እንጀራ ነው። እናንተ እኛ የማንገባበት ቤት ውስጥ ትገባላችሁ። እኔ በሩን ባንኳኳ ዘበኛው ያባርረኛል፣ እናንተን ግን እማማ ቡና ጠጡ ይሏችኋል። አልጋ ሥር፣ ቆጥ ላይ፣ በረንዳ ላይ ያለውን አስወጡ። የተበሳሳ የአሉሚኒየም ድስት፣ የሞተ የመኪና ባትሪ፣ የተቃጠለ ምድጃ፣ የመዳብ ሽቦ፣ የድሮ ጋዜጣና ካርቶን። ገንዘብ እሱ ነው። እኔ እገዛችኋለሁ፣ ሚዛኑን አብራችሁ ታያላችሁ፣ ከትርፌ እኔም እበላለሁ።

ተስማማን። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ከየቤቱ የወጣው ብረታ ብረት፣ ባትሪ፣ መዳብና ካርቶን ተሽጦ 4,187 ብር ሆነ። ከሃይላንዱ 133 ጋር በድምሩ 4,320 ብር። ቁራሌውም ከኛ የገዛውን ሚናለሽ ተራ ወስዶ አትርፎበታል። ማንም አልተጎዳም። በዚያ ላይ ቢጫ ባለ 20 ሊትር የዘይት ጀሪካኖች 33 አገኘን። እነዚህን ረዳቱ «እንዳትሸጡ! እጠቡልኝና እኔ እጭናለሁ። እዚያ ከብር ይበልጣል» ስላለን በሳሙና አጥበን ደረደርናቸው።

እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ያምራል፣ አይደል? ቀጥሎ ያለውን ነው ለመጻፍ የፈራሁት።

የጳጉሜን 5 ክትፎ

ጳጉሜን 5 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ሐሙስ ማታ። በማግስቱ እንቁጣጣሽ ነው፣ ዓርብ ስለዋለ ጾም ነው። ጸሐፊያችንን «አዲሱን ዓመት ክትፎ በልተን እንቀበለው» አልኳት። እሺ አለች! ኪሴ ውስጥ የነበረው 60 ብር ነው። የወር መጨረሻ ክፍያዬ አልደረሰም።

ቆርቆሮው አልጋዬ ሥር ነበር። «ብድር ነው» አልኩ ለራሴ። «መስከረም ሲያልቅ እመልሳለሁ። መኪናው ራሱ እስከ መስከረም መጨረሻ አይንቀሳቀስም። ማን ይጎዳል?» ክዳኑን በቢላ ፈልቀቅ አድርጌ 850 ብር አወጣሁ። ክትፎ ቤት ሄድን፣ በላን፣ ተጫወትን፣ በራይድ ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። ደስ የሚል ምሽት ነበር። ይኼንንም አልዋሽም።

ሌባ እንደሆንኩ አልተሰማኝም። ይኼን የምነግራችሁ ሆን ብዬ ነው። የሰው ገንዘብ የሚነካ ሰው ሁሉ ክፉ፣ ጨካኝ፣ ጥርሱን የሚያፏጭ ይመስላችኋል? አይደለም። አብዛኛው እንደኔ «ብድር ነው» የሚል ሰው ነው። ሊመልስም ያስባል። ችግሩ ቆርቆሮው ሊከፈት የሚችልበትን ቀን እሱ አለማወቁ ነው።

ብሩ ተለወጠ

እኔም አላወቅሁም። ሰኞ መስከረም 4 ቀን 2013 ዓ.ም. መንግሥት የብር ኖት መለወጡን አስታወቀ። ባለ 10፣ ባለ 50 እና ባለ 100 ብሩ በአዲስ ይተካል፣ ባለ 200 ብር ይጨመራል፣ አሮጌው በሦስት ወር ውስጥ ባንክ ይግባ ተባለ። አገሩ በሙሉ ፍራሽ ሥር ያለውን መቁጠር ጀመረ። የሰፈር ልጆችም «ቆርቆሮውን አምጣው፣ ቆጥረን ባንክ እናስገባው» አሉኝ። በዚያው ምሽት፣ ደረጃው ላይ፣ በስልክ መብራት።

ጸሐፊያችን ደብተሯን ከፈተች። 4,320። ገንዘቡን ቆጠረች። 3,470። እንደገና ቆጠረች። ሦስተኛ ጊዜ ለሌላ ልጅ ሰጥታ አስቆጠረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። ሌሎቹ ገና ደብተሩ ላይ ስህተት ይፈልጉ ነበር። እሷ ግን ገብቷታል። ቀስ ብላ እንዲህ አለች፦

«የሐሙስ ለታው ክትፎ... የማን ነበር?»

ውድ አንባቢያን፣ በሕይወቴ ተሰድቤ አውቃለሁ፣ በጥፊም ተመትቼ አውቃለሁ። እንደዚያች ጥያቄ የመታኝ ግን የለም። እኔ ብቻዬን የበላሁት መስሎኝ ነበር። ለካ ሳላስፈቅዳት እሷንም አብሬ አብልቻት ነበር!

ሁሉንም ተናገርኩ። አንዱ «ይባረር» አለ፣ ሌላው «ይተወው፣ ይመልስ» አለ። በማግስቱ ስልኬን ሸጬ 850 ብሩን መለስኩና ባትሪ ያላትን ትንሿን ስልክ መያዝ ጀመርኩ። ጸሐፊያችን ግን «ገንዘቡ ተመለሰ። ልጁስ?» አለች። ፍርዱንም እሷ ሰጠች፦ ስድስት ቀን ጠዋት ጠዋት ከቁራሌው ጋር ማዳበሪያ ተሸክሜ እንድዞር፣ በገዛ ሰፈሬ «ቁራሌው!» እያልኩ እንድጣራ።

ዞርኩ። የመጀመሪያው ቀን ድምፄ አልወጣ አለኝ። ሁለተኛው ቀን ጎረቤቶቼ በመስኮት እያዩ ሳቁ። በሦስተኛው ቀን ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስተን እስከ ምሳ ሰዓት ዞረን ያገኘነውን ስናሰላው፣ እኔ በአንድ ምሽት የበላሁት ክትፎ ለዚህ ልጅ ስንት ጠዋት እንደሚሆን ገባኝ። ከዚያ በኋላ መሳቃቸውን አልሰማሁትም።

አዳይቱ

መስከረም ሲገባደድ መኪናው ወደ ጅቡቲ ተነሳ። ከባድ መኪኖች ዕቃ የሚጭኑት ሲመለሱ ስለሆነ ሲወርዱ ባዷቸውን ናቸው፣ ሾፌሩ ጀሪካኖቹን በነፃ ጫነልን። ገንዘቡን ይዞ የሚሄደው ሁለት ሰው ይሁን ተባለና አንዱ እኔ ሆንኩ። «ለምን እኔ?» ብል፣ «የምትሰጠው ለማን እንደሆነ እንድታየው» አለችኝ።

አዋሽ ሰባት ስንደርስ ሦስት ማዳበሪያ ባለ 50 ኪሎ ዱቄት በ3,450 ብር፣ በቀሪው 870 ብር ደግሞ ሳሙናና ውሃ አጋር ገዛን። ውሃ አጋር የምትሉት ያ የወንዝ ውሃ ላይ ጠብ የሚደረገው ማከሚያ ነው፤ ጎርፍ ካለፈ በኋላ ከረሃቡ እኩል የሚያሰጋው ተቅማጥ ነውና። ደረሰኙን ሁሉ ደብተሩ ውስጥ አጣበቅን።

ከገዋኔ በኋላ ሙቀቱ ፊት ላይ እንደ ምድጃ ይነፍሳል። መንገዱ ዳር ልጆች እየሮጡ «ሃይላንድ! ሃይላንድ!» ይላሉ። ብር የሚለምኑ መስሎኝ ነበር። ረዳቱ ነው ያስረዳኝ። ባዶ ጠርሙስ ነው የሚለምኑት። ውሃ ሊይዙበት። ፍየል ሲጠብቁ የሚጠጡበት ዕቃ እሱ ነው። እኛ 1,200ውን በ133 ብር የሸጥነውን እዚያ ልጅ ለአንዱ አስፋልት ላይ ይሮጥለታል! አንገቴን ደፋሁ።

አዳይቱ ስንደርስ የቀበሌው ሰዎችና አንድ የአፋር ሽማግሌ ከወንዙ ዳር የወጡትን 11 ቤተሰቦች ለይተው አሳዩን። አፋሮች ከሰሌንና ከእንጨት የሚሠሩት ክብ ቤት አላቸው፣ ዳቦይታ ይባላል። ሴቶቹ ናቸው የሚተክሉት፣ የሚነቅሉት። ለነዚህ ሰዎች ግን ሰሌኑንም እንጨቱንም ውሃ ወስዶታል። ሸራ ብቻ ነው። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ 13 ኪሎ ተኩል ገደማ ዱቄትና ሦስት ጀሪካን ደረሰ። ልናጋንነው አንችልም፣ ትንሽ ነው። አንዲት እናት ጀሪካኑን አሽትታ፣ ገልብጣ፣ እንደማያፈስ አይታ፣ በአስተርጓሚ ጠየቀችኝ፦ «እናንተ ሀገር ዘይቱን ከጨረሳችሁ በኋላ ይኼን ትጥሉታላችሁ?» ምን ብዬ ልመልስላት?

ከዚያ ሽማግሌው ጥላ ሥር አስቀመጡን። አፋሮች ዳጉ የሚሉት ነገር አላቸው። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ አረፍ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይለዋወጣል። በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው፤ በበረሃ የዝናብና የግጦሽ ወሬ ውሸት ከሆነ ሰውም ከብትም ያልቃልና። ሽማግሌው ከየት እንደመጣን፣ ዱቄቱ ከምን ገንዘብ እንደተገዛ ጠየቁ። ጓደኛዬ ስለ ብረቱ፣ ስለ ባትሪው፣ ስለ ቁራሌው ነገራቸው። እኔም አላስችል አለኝና ስለ 850 ብሩ ነገርኳቸው። አስተርጓሚው መጀመሪያ «ይኼንንም ልንገራቸው?» ብሎ አየኝ። «ይንገሩልኝ» አልኩ።

ሽማግሌው ጥቂት ዝም ብለው ቆዩና አንድ ነገር ተናገሩ። አስተርጓሚው እንዲህ አለኝ፦ «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ያመጣውን ይነግረናል፣ የጎደለውን የነገረን አንተ ነህ፣ ይላሉ።» ከዚያ በቁርበት ዕቃ የፍየል ወተት አስመጡልን። ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ሰው እኔን ጋበዘኝ። ጠጣሁ። ማን የማን ባለ ዕዳ እንደሆነ እስከ ዛሬ አልለየልኝም።

እንግዲህ ምክሬ

ከዚያ ወዲህ አፋር ብዙ አይቷል። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ፈንታሌና ዶፈን አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት 5.8 ሲደርስ አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሁሉ በሌሊት ልብስ ወደ ምድር ወርደናል፣ ረሳችሁት? እኛ ጠዋት ተመልሰን ገባን። እዚያ ግን መንግሥት በአፋርና በኦሮሚያ አደጋ ላይ ባሉ ቀበሌዎች 80,000 ያህል ሰው እንደሚኖርና እየተነሳ መሆኑን ነው ያስታወቀው። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ደግሞ ሐይሊ ጉቢ ፈነዳ። አመዱ ቀይ ባህርን ተሻግሮ ህንድ ድረስ አውሮፕላን አስቀረ፣ ከተራራው ሥር ያለው አርብቶ አደር ግን የከብቱ ሣር አመድ ለበሰበት። ስለዚህ የገርጂዋ እህቴ፣ ሐሳብሽ ጊዜውን የጠበቀ ነው። እንዲሳካ ከፈለግሽ ግን እነዚህን ያዢልኝ።

አንደኛ፣ ከመሰብሰብሽ በፊት ጠይቂ። እዚያ መስመር የሚመላለስ ሾፌር፣ ነጋዴ፣ ከዚያ የመጣ ተማሪ አይጠፋም። ጀሪካን ነው የሚፈልጉት? ዱቄት ነው? የከብት መኖ ነው? ቆሻሻውን ሽጪና የሚፈለገውን ላኪ እንጂ ቆሻሻውን ራሱን አትላኪ። ሊጠቅም የሚችለውን ጀሪካን ግን አትሽጪ። ኬሚካል ወይም የመኪና ዘይት የነካው ከሆነ ለውሃ አይሆንም፣ ለይው።

ሁለተኛ፣ የሰፈራችሁን ቁራሌው መጀመሪያ አነጋግሩት። ገንዳውን ለእሱ ተዉለት። እናንተ ከቤት ውስጥ ያለውን አውጡ፣ እሱ ይግዛችሁ፣ ይመዝን፣ ያትርፍ።

ሦስተኛ፣ ክብደት ያለውን ፈልጉ። መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ብረት፣ ካርቶን። ፌስታል ማንም አይገዛችሁም፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ ተከልክሏል። የመኪና ባትሪ ስትይዙ እንዳትሰብሩት፣ ውስጡ አሲድና እርሳስ ነው። ልጆች አይንኩት።

አራተኛ፣ የሚስቁባችሁን እርሱ። ታይዋን ውስጥ ጹ ቺ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ። መሥራቿ ቼንግ የን የምትባል መነኩሲት ናት። በፈረንጆች 1990 ንግግር ስታደርግ ሕዝቡ ሲያጨበጭብላት «በሚያጨበጭቡት እጆቻችሁ ቆሻሻ ልቀሙልኝ» አለቻቸው። ከዚያ ወዲህ እልፍ በጎ ፈቃደኛ፣ አሮጊቱ ሳይቀር፣ ጠርሙስና ወረቀት ይለያል። ከላስቲክ ጠርሙሱ ብርድ ልብስ ይሠራና አደጋ ለደረሰባቸው ይሰጣል። ቆሻሻ መልቀም ቢያሳፍር ኖሮ መነኩሲት ባላዘዘችው!

አምስተኛና ዋናው... ገንዘቡን ማን ይያዘው?

እህቴ፣ «ልመነው?» ብለሻል። ልጁን አላውቀውም። ምናልባት ከኔ የተሻለ ሰው ነው። ግን መልሴ አትመኚው ነው። ራስሽንም አትመኚ። ደብተሩን እመኚ። ገንዘቡ አንድ ሰው እጅ አይደር። ሲሰበሰብ ሦስት ሰው ይቁጠረው፣ በየሳምንቱ ለሁሉም ይነበብ። ባንክ ይግባ፣ ሲወጣ ሁለት ሰው ይፈርም። የተሸጠው በስንት ኪሎ፣ በስንት ብር እንደሆነ የደረጃው ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፣ የሰፈሩ እማማ ሳይቀሩ ያንብቡት። ሲላክም ሁለት ሰው ይሂድ፣ ደረሰኝ ይዞ ይመለስ።

«ይኼማ አለማመን ነው፣ ፍቅሬ ይቀየመኛል» ትዪ ይሆናል። አይደለም። ልጁ ኪሱ ውስጥ 60 ብር ብቻ ያለበት ማታ ይመጣል፣ ለሁላችንም ይመጣል። በዚያ ማታ ቆርቆሮው አልጋው ሥር እንዳይገኝ ማድረግ ለእሱ ማዘን ነው። ያኔ ቆርቆሮው ባንክ ገብቶ ቢሆን ኖሮ እኔ ያን ሐሙስ ማታ ልጅቱን ሻይ ቤት ወስጄ በ60 ብሬ ሻይና ብስኩት ጋብዣት እመለስ ነበር። ምናልባት ዛሬ... እንጃ፣ ተዉት።

አለመነጋገር የለም። መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን። እሷ ግን ከዚያ ወዲህ የትም ስጋብዛት ራሷ ትከፍላለች።

ቆሻሻን ገንዘብ ማድረግ ቀላል ነው፣ አስር ቀን ይበቃል። ገንዘቡን ቆሻሻ ሳያደርጉ ማድረስ ነው ጣጣው። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በየሰፈራችሁ የሞከራችሁት ካለ ጻፉልኝ፣ የሚጠቅም ከሆነ ለሌላው አካፍላለሁ። ስማችሁን አላወጣም። የራሴን ገመና ግን እንዳያችሁት አውጥቻለሁ።

በሉ፣ ሳምንት እስክንገናኝ ቸር ሰንብቱ!